አሮጌውን የ72 ቮልት ኤሌክትሪክ ሞተርሳይክል ባትሪ መተካት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

ሞተርሳይክሉ ጎማው ላይ የተገጠመ 1500 ዋት ሞተር አለው። ኃይል የሚያገኘው በሲሪየስ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ ጋር ተቀጣጥሎ) ከተያያዙ ስድስት ደረቅ ሊድ አሲድ ባትሪዎች ነው፤ እያንዳንዱ 12 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት። ሞዴሉ መመረት ካቆመ ቆይቷል፤ ስለዚህ «ኦሪጅናሉን ባትሪ» መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ምልክቱ የታወቀ ነው፦ ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ጋዝ ሲሰጠው ድንገት ይጠፋል፣ አንድ ደቂቃ ቆሞ ሲነሳ ጠቋሚው ሦስት አራተኛ ያሳያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ክፍል) ይቀይራል። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን ባትሪው ነው።

ቀን 1። አሮጌዎቹን መመርመር

ባትሪው ሌሊቱን ቻርጅ ተደርጎ፣ ቻርጀሩ ከተነቀለ በኋላ ለ12 ሰዓት አረፈ። ከቻርጀር እንደወጣ የሚለካ ቮልት ያታልላል፤ የላይ ላዩ ሙሌት እስኪረግብ መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ሲለካ 13.04፣ 12.98፣ 13.01፣ 12.42፣ 12.96 እና 13.00 ተገኘ። ድምሩ 77.4 ቮልት ነው፤ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው «ባትሪው ደህና ነው» ብሎ ይዘጋዋል። አራተኛው ግን ከሌሎቹ በግማሽ ቮልት ያህል ወርዷል።

ቀጥሎ ዝቅተኛውን ንባብ የሚይዝ ሜትር በየተራ እያንዳንዱ ባትሪ ላይ ታስሮ አንድ ዳገት ተደጋግሞ ተወጣ። ኮንትሮለሩ ሙሉ 35 አምፔሩን ሲስብ አምስቱ 11.4 ቮልት አካባቢ ቆሙ፤ አራተኛው 4.1 ላይ ወደቀ። አምስት ጊዜ 11.4፣ ሲደመር 4.1፣ 61.1 ይሆናል። የኮንትሮለሩ የታችኛው መቁረጫ 63 ቮልት ስለሆነ መጥፋቱ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። ጋዙ ሲለቀቅ ቮልቱ ተመልሶ ይነሳል፤ ጠቋሚው «ሦስት አራተኛ» የሚለውም ለዚህ ነው። አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 4 ቮልት ላይ ሲገኝ ከውስጡ ስድስት ሴሎች ቢያንስ አንዱ ባዶ ሆኖ በጎረቤቶቹ ግፊት ዋልታው እየተገለበጠ ነው ማለት ነው።

የቀረው አቅም የተለካው በመኪና የፊት መብራት አምፖል ነው። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፖሎች በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ሲታሰሩ ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። የ20 አምፔር ሰዓት ባትሪ አቅም የሚለካው በ10 አምፔር ስለሆነ ለንጽጽር ይበቃሉ፤ ጤነኛው 10.5 ቮልት ሳይነካ ከ120 ደቂቃ በላይ መቆየት አለበት። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው የተገኘው 71፣ 68፣ 74፣ 19፣ 66 እና 70 ደቂቃ ነው። ሙከራው 10.5 ላይ በሰዓቱ መቆም አለበት፤ አምፖሉ እስኪደበዝዝ መተው የሚለካውን ባትሪ ራሱን ይገድለዋል።

ቀን 2። አራተኛውን ብቻ መተካት ይበቃ ይሆን?

አይበቃም። «ደህና» የተባሉት አምስቱ ራሳቸው ከአዲስ አቅማቸው 55 በመቶ ገደማ ላይ ናቸው። በሲሪየስ ውስጥ በሁሉም የሚያልፈው አምፔር አንድ ነው፤ መውጣትና መሙላት ግን የየራሳቸው ነው። አዲሱ 20 አምፔር ሰዓት መስጠት ሲችል አሮጌዎቹ 11 ላይ ያልቁና ጉዞው እዚያው ይቆማል። ሲሞላም አሮጌዎቹ ቀድመው ቮልታቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ ቻርጀሩ «ሞላ» ብሎ አምፔሩን ይቀንሳል፣ አዲሱ ሳይጠግብ ይቀራል። ሊድ አሲድ ሳይጠግብ ሲከርም ሰልፌት ይይዘዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱም እንደ ጓደኞቹ ይሆናል። ስድስቱም አንድ ላይ ይወጣሉ።

ቀን 3። ሳጥኑንና የኤሌክትሮኒክሱን ልክ መያዝ

ባትሪ ከመፈለግ በፊት አራት ቁጥሮች ወረቀት ላይ መስፈር አለባቸው። «72 ቮልት» የሚለው ስም ከአራቱ አንዱም አይደለም።

አንደኛው የሳጥኑ የውስጥ ልክ ነው፦ 370 በ240፣ ከፍታው 185 ሚሊሜትር። ክዳኑ ሥር ያለው የጎማ ንጣፍ ሳይቀር ተቆጥሮ ነው የተለካው። አሮጌዎቹ እያንዳንዳቸው 181 በ77 በ170 ናቸው፤ በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ሆነው 362 በ231 ይዘው ነበር።

ሁለተኛው የታችኛው መቁረጫ ነው፤ ኮንትሮለሩ ላይ በጽሑፍ 63 ቮልት ይላል። ሦስተኛው የላይኛው ወሰን ሲሆን ይህ በጽሑፍ አልተገኘም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ካፓሲተሮቹ መታየት ነበረባቸው። ሁለት ባለ 1000 ማይክሮፋራድ፣ 100 ቮልት ናቸው፤ ትራንዚስተሮቹም የ100 ቮልት። ነገር ግን መብራቱንና ጡሩምባውን የሚመግበው ወደ 12 ቮልት መቀየሪያ «ከ60 እስከ 90 ቮልት» ይላል። ስለዚህ ጣራው 100 ሳይሆን 90 ነው። ይህን መቀየሪያ ብዙዎች ይረሱታል፤ ባትሪው ተቀይሮ በሳምንቱ መብራት የጠፋባቸው ሞተርሳይክሎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

አራተኛው ከፍተኛው አምፔር ነው፤ 35።

ቀን 4። እጩዎቹ

ተመሳሳይ ሊድ አሲድ። የሚፈለገው መለያ 6-ዲዜድኤም-20 ነው። ፊት ያለው 6 በውስጡ ያሉት የሴሎች ቁጥር፣ መጨረሻ ያለው 20 አምፔር ሰዓት ነው። ልኩ ያለ ምንም ለውጥ ይገባል፣ ቻርጀሩም አይቀየርም። ትልቁ አደጋ የሚመስለውን መግዛት ነው፤ ለኮምፒውተር መጠባበቂያ ኃይል የሚሠራው ባለ 18 አምፔር ሰዓት ባትሪም 181 በ77 በ167 ሚሊሜትር ነው። ጎን ለጎን ቢቀመጡ መለየት ያስቸግራል። የሞተርሳይክሉ 20 የተለካው በሁለት ሰዓት ውስጥ በ10 አምፔር ወጥቶ ነው። የመጠባበቂያው 18 ደግሞ በ20 ሰዓት ውስጥ፣ በ0.9 አምፔር። የኋለኛው በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲወጣ ሲገደድ ከተጻፈው ወደ 60 በመቶ ብቻ ይሰጣል። በተጨማሪም ሳህኖቹ በየቀኑ ባዶ ለመሆን የተሠሩ አይደሉም። መለያው ላይ «20 ሰዓት» የሚል ካለ ይመለስ። ባለ 32 አምፔር ሰዓቱ ታላቅ ወንድም ስፋቱና ከፍታው ተመሳሳይ ሆኖ ርዝመቱ 267 ገደማ ነው፤ እዚህ ሳጥን ውስጥ ስድስት አይገቡም።

ስድስት ባለ 12 ቮልት ሊቲየም ባትሪዎች። «ሊድ አሲዱን አውጥተህ በቦታው አስቀምጥ» ተብለው የሚሸጡት ናቸው። ቀላል ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ግን መጥፎው ምርጫ ይህ ነው። እያንዳንዱ በውስጡ የራሱ ቢኤምኤስ (ሴሎቹን የሚቆጣጠርና አደጋ ሲኖር ኃይሉን የሚቆርጥ ሰሌዳ) አለው። አንዱ ቀድሞ ባዶ ሆኖ ሲቆርጥ የመላው ሰንሰለት ቮልት፣ ወደ 77 ገደማ፣ በዚያች አንዲት ትንሽ ቢኤምኤስ ትራንዚስተሮች ላይ ያርፋል። እነሱ ደግሞ የተመረጡት ለባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። ተቃጥለው ክፍት ሆነው ከቀሩ ሞተርሳይክሉ ይቆማል፤ ተጣብቀው ከቀሩ ደግሞ ባትሪው ያለ ጥበቃ ይቀጥላል፣ ይህኛው ይብሳል። አብዛኞቹ አምራቾች ከአራት በላይ በሲሪየስ አትሰሩ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከኒሳን ሊፍ መኪና የወጡ ሞጁሎች። ያገለገሉ ቢሆኑም ጥሩ ሴሎች ናቸው። አንዱ 303 በ223 በ35 ሚሊሜትር፣ 3.8 ኪሎ፤ በውስጡ አራት ሴሎች ሁለት ሁለት ሆነው 7.5 ቮልት አካባቢ ይሰጣሉ። ለ72 ቮልት አሥር ያስፈልጋሉ። በዚህ ሳጥን ግን ተጋድመው አምስት ብቻ ይደረደራሉ (አምስት ጊዜ 35፣ 175)፤ በቁም ደግሞ 223ቱ ከ185ቱ ያልፋል። ሂሳቡ ላይ ወደቁ። ሰፊ ሳጥን ላለው፣ ለምሳሌ ከ102 የኒኬል ሴሎች ጋር ለመጣው ለአሮጌው ቬክትሪክስ ኤሌክትሪክ ስኩተር፣ ነገሩ ሌላ ነው።

ኒኬል ማንጋኒዝ ኮባልት ሊቲየም፣ 20 በሲሪየስ። ሲሞላ 84 ቮልት፣ 63 ላይ ሲቆረጥ በሴል 3.15። ከቮልት አንፃር ከሁሉም በላይ የሚገጥመው ይህ ነው፤ ክብደቱም ይቀላል። የተተወው በሙቀት ጠባዩ ነው። ሳጥኑ ከመቀመጫው ሥር ነው፣ አየር ማስገቢያ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል።

ሊቲየም ብረት ፎስፌት። ጥያቄው ስንት ሴል የሚለው ነው። 22 ከሆነ ሲሞላ 80.3፣ በሥራ ላይ 70.4፤ ይሠራል፣ ግን ሞተሩ ትንሽ ይዘገያል። 24 ከሆነ በሥራ ላይ 76.8፣ እስከ ጥግ ሲሞላ 87.6። 63 ላይ ሲቆረጥ በሴል 2.63 ይሆናል፤ ከቢኤምኤስ የመጨረሻ መቁረጫ ከ2.5 በላይ ስለሆነ ኮንትሮለሩ ቀድሞ በእርጋታ ያቆማል። ጣራው 90 ስለሆነ 87.6 ጠባብ ነው፤ ሴሉን 3.55 ላይ በማቆም ግን 85.2 ይሆናል። ከ3.55 እስከ 3.65 ያለው ክፍተት የሚይዘው አቅም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። 24 ተመረጠ።

ቀን 5። ቅርጽና ብዛት

ትልልቆቹ ጠፍጣፋ ሴሎች በቁመታቸው አይገቡም፤ የተለመደው ባለ 105 አምፔር ሰዓት 200 ሚሊሜትር ይቆማል። ስለዚህ 32700 የሚባሉት ሲሊንደሮች ተወሰዱ፦ ስፋታቸው 32፣ ቁመታቸው 70 ሚሊሜትር፣ 6 አምፔር ሰዓት፣ 145 ግራም ገደማ። በማቀፊያ ፕላስቲክ ውስጥ ከመሃል እስከ መሃል 34 ሚሊሜትር ይይዛሉ። በርዝመት 10፣ በወርድ 6፣ 60 ሴል በአንድ ንብርብር፤ ሁለት ንብርብር 120። ይህም 24 በሲሪየስ፣ 5 በፓራለል፣ 30 አምፔር ሰዓት። ንብርብሩ 340 በ204 ስለሆነ በጎን 36 ሚሊሜትር ይተርፋል፤ ቢኤምኤሱ በቁሙ እዚያ ይቆማል። 35 አምፔር ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ሴል 7 ነው፤ ሴሎቹ እስከ 18 ያለማቋረጥ ይችላሉ።

6 በፓራለል ቢሆን 144 ሴል ማስገባት ያስፈልግ ነበር። ግን ለቢኤምኤስ፣ ለፊውዝና ለስፖንጁ ቦታ አይተርፍም። ተጨናንቆ የገባ ባትሪ በሁለተኛው ዓመት ሽቦው ተፈግፍጎ ይታያል።

ቀን 16። ሴሎቹ መጡ

126 ታዘዙ፤ ስድስቱ መጠባበቂያ። ሁሉም በ3.28 እና 3.30 መካከል ናቸው፤ ለአዲስ ሴል የሚጠበቅ ነው። ውስጣዊ ሬዚስታንሱ በባለ አራት ሽቦ ሜትር ሲለካ አብዛኛው ከ5.2 እስከ 5.9 ሚሊኦም፤ ሁለቱ ከ9 በላይ ስለሆኑ ወጡ። ባለ ሁለት ሽቦ ተራ ሜትር ለዚህ አያገለግልም፤ የገመዱ ሬዚስታንስ ብቻ ከሴሉ ይበልጣል።

ለናሙና 16ቱ እስከ 3.65 ተሞልተው በ3 አምፔር እስከ 2.5 ወጡ፤ ከ5.9 በታች የሰጠ የለም። ከዚያ ሁሉም ቁጥር ተጽፎባቸው ለአሥር ቀን ተቀመጡ። ይህን ደረጃ መዝለል ያጓጓል፣ ግን ሬዚስታንስም አቅምም የማያሳዩትን በሽታ የሚያወጣው እሱ ነው፤ በራሱ የሚፈስ ሴል።

ቀን 26። ሁለተኛ ልኬት

ከ124ቱ 123ቱ በ2 ሚሊቮልት ውስጥ እንደነበሩ ናቸው። ቁጥር 88 በ31 ሚሊቮልት ወርዷል። ተጣለ። ቢገባ ኖሮ ያለበት ቡድን (በፓራለል የሚታሰሩት አምስት ሴሎች) በየሳምንቱ ከሌሎቹ እየወረደ ሚዛኑ ያለማቋረጥ ይዛባ ነበር።

ቀን 27። አሰላለፍና ብየዳ

የኒኬሉ ጥብጣብ 0.15 በ8 ሚሊሜትር ነው። ንጹሕ መሆኑ መጀመሪያ ተፈተነ፤ መፍጫ ላይ ሲነካ ብልጭታ ከረጨ ኒኬል የተቀባ ብረት ነው። ሁለተኛው መንገድ ጫፉን በፋይል ሞርዶ ጨው ውሃ ውስጥ ማሳደር ነው፤ ጠዋት ዝገት ካለ ብረት ነው። ብረቱ አምፔር ሲያልፍበት ከንጹሕ ኒኬል ይልቅ ይግላል።

እያንዳንዱ የ10 ረድፍ ለሁለት ተከፍሎ አምስት አምስት ይሆናል። ግራው ግማሽ ከላይ ወደ ታች ከቡድን 1 እስከ 6፣ ቀኙ ግማሽ ከታች ወደ ላይ ከ7 እስከ 12። በየረድፉ የሴሎቹ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ቀኙ ግማሽ ደግሞ በዚያው ረድፍ ካለው ከግራው ተቃራኒ ነው። እዚህ ላይ መሳሳት እጅግ ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ድርደራ አንድ ሙሉ ረድፍ በአንድ አቅጣጫ ተሰክቶ ነበር። ከብየዳው በፊት ማቀፊያው ላይ በቀይ እስክሪብቶ የመደመር ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም በሜትር አንድ በአንድ መንካት ያስፈልጋል።

ሌላው ከብየዳ በፊት የሚሠራ ነገር የወረቀት ቀለበት ነው። የሴሉ ቆርቆሮ አካል ሁሉ ኔጋቲቭ ነው፤ በፖዘቲቩ ጉልላት ዙሪያ ያለው ከንፈርም ጭምር። ጥብጣቡ በዚያ ከንፈር ላይ ያልፋል፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ላስቲክ ብቻ ነው። ንዝረቱ ላስቲኩን ሲበላው የሴሉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተነካክተው ሾርት ይሆናል። ስለዚህ በ120ዎቹም ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ ራሱን የሚያጣብቅ የኢንሱሌሽን ቀለበት ተለጠፈ። በግራውና በቀኙ ግማሽ መካከል ደግሞ በላይኛው ረድፍ ላይ ቡድን 1 እና ቡድን 12 ጎረቤት ናቸው፤ ልዩነታቸው 40 ቮልት ገደማ ስለሆነ የፋይበር ሰሌዳ ቁራጭ በመሃላቸው ገባ።

የስፖት ብየዳው ማሽን በቁራጭ ጥብጣብና በተጣለ ሴል ተሞከረ። ጥሩ ብየዳ በፒንሳ ሲነቀል ጥብጣቡ ይቀደዳል፣ ነጥቦቹም ሴሉ ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ጥብጣቡ ንጹሕ ሆኖ ከተላቀቀ ኃይሉ ያንሳል፤ ነጥቡ ጠቁሮ ከተበሳ በዝቷል። በእያንዳንዱ ሴል ጫፍ ስድስት ነጥብ። ቀለበትና ሰዓት ከእጅ መውጣት አለባቸው፣ ጥብጣቡም ከሴሎቹ ርቆ በመቀስ ተቆርጦ ይመጣል እንጂ ከላያቸው ላይ አይቆረጥም።

ቀን 29። ቢኤምኤስ

24 በሲሪየስ፣ 60 አምፔር፣ በስልክ የሚነበብ። 25 ቀጫጭን የመለኪያ ሽቦዎች አሉት። ሶኬቱ ቢኤምኤሱ ላይ ከመሰካቱ በፊት ጥቁሩ የሜትር ጫፍ ዋናው ኔጋቲቭ ላይ ሆኖ በቀዩ ፒኖቹ በተራ ተነኩ፦ 3.29፣ 6.58፣ 9.87 እያለ በእኩል ደረጃ ይወጣል። 17ኛው ላይ 59.2፣ 18ኛው ላይ 55.9 አነበበ። ሁለቱ ሽቦዎች ተቀያይረዋል። ሶኬቱ እንዲሁ ተሰክቶ ቢሆን ቢኤምኤሱ በዚያች ሴኮንድ ይቃጠል ነበር፤ ብዙ ጊዜም ጭስ ሳያሳይ ነው የሚሞተው፣ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ቁጥር ሁሉ የተዛባ ይሆናል።

የተሞሉት ቁጥሮች፦ የላይ መቁረጫ በሴል 3.65፣ የታች 2.5፣ ማመጣጠን የሚጀምረው 3.42 ላይ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ክልክል። የመጨረሻው ለብርድ አገር ብቻ አይደለም፤ ደጋማ ቦታ ሌሊት ውጭ ያደረ ሞተርሳይክልም ማለዳ ላይ ሊደርስበት ይችላል። በብርድ ሲሞላ ሊቲየሙ በአኖዱ ላይ ብረት ሆኖ ይለጠፋል፣ ጉዳቱም አይመለስም።

ቀን 30። ጠረጴዛ ላይ ማውጣት

ጭነቱ ሦስት ባለ 220 ቮልት፣ 2000 ዋት የማሞቂያ ሽቦዎች ነበሩ። እያንዳንዱ 24 ኦም ገደማ ስለሆነ በ78 ቮልት ከ3 አምፔር ትንሽ ከፍ ያለ ይስባል፤ ሦስቱ በፓራለል ወደ 10። ባዶ እስኪሆን 29.3 አምፔር ሰዓት ሰጠ፤ ወደ 2260 ዋት ሰዓት። አሮጌው ጥቅል አዲስ እያለ በወረቀት ላይ 1440 ነበር። በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት በመጨረሻው ደቂቃ 0.09 ቮልት ደረሰ፤ ያልተመጣጠነ አዲስ ጥቅል ነውና ይጠበቃል።

ከዚያ ዳግም ተሞልቶ፣ ስምንት ማሞቂያዎች ተጨምረው ወደ 35 አምፔር ሲጠጋ ችግር ወጣ። በሙቀት መለኪያ የጥብጣቦቹ ሁሉ ንባብ 34 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ንብርብር ቡድን 6 ከቡድን 7 የሚገናኙበት ቦታ 71 አሳየ። ምክንያቱ ከአሰላለፉ የመጣ ነው። በሌሎቹ ረድፎች አምፔሩ በአምስት ጥብጣቦች ተከፋፍሎ ሰባት ሰባት ሆኖ ይሻገራል። በመታጠፊያው ግን ሁለቱ ቡድኖች ጫፍ ለጫፍ ስለሆኑ 35ቱም በአንድ ስፋት ላይ ይከማቻል። ሁለት ድርብ ኒኬል 2.4 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ጥብጣቡ ተነቅሎ በአዲስ ተተካ፤ አዲሱ ከመበየዱ በፊት 10 ካሬ ሚሊሜትር የተጎነጎነ መዳብ በሙሉ ርዝመቱ በስታኞ ተለጥፎበታል። መዳቡ ጥብጣቡ ሴሉ ላይ እያለ ቢለጠፍ የስታኞው ሙቀት የሴሉን ውስጠኛ ንጣፍ ይጎዳል። በሁለተኛው ንብርብር ያለው መታጠፊያም በዚያው ተሠራ፤ ሁለቱን ንብርብሮች የሚያገናኘው ገመድም 10 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ድጋሚ ሲሞከር 38 ዲግሪ።

ቀን 31። ሞተርሳይክሉ ላይ መግጠም

በሁለቱ ንብርብሮች መካከል 3 ሚሊሜትር ፋይበር ሰሌዳ፣ በዙሪያው የማይቀጣጠል ስፖንጅ። ጠቅላላ ክብደቱ 22 ኪሎ ሆነ፤ ስድስቱ አሮጌዎች 42 ነበሩ። ከኋላ 20 ኪሎ ሲቀንስ የኋላው ሞላ ይጠነክራል፤ በአንድ ደረጃ ላላ።

አሮጌው 40 አምፔር መቁረጫ (ብሬከር) የቤት መብራት ዓይነት ነበር። እንዲህ ያለው መቁረጫ የተለዋዋጭ ኃይል ብልጭታ በየዑደቱ ዜሮ ሲያልፍ በራሱ እንዲጠፋ ተማምኖ የተሠራ ነው። በቀጥተኛ 80 ቮልት ላይ ብልጭታው ሳይጠፋ ይንቦገቦጋል። የመኪና ጠፍጣፋ ፊውዝም 32 ቮልት ድረስ ብቻ ነው። በምትኩ 125 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል የሚችል 50 አምፔር ፊውዝ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ15 ሴንቲሜትር ውስጥ ገባ።

ባዶ ካፓሲተር ላይ ባትሪ በቀጥታ ሲገናኝ የሚተኮሰው ብልጭታ የማገናኛውን መዳብ ይበላል፣ የቢኤምኤሱንም ትራንዚስተር ሊያጣብቅ ይችላል። ስለዚህ 220 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በአንድ ቁልፍ በኩል ከዋናው መንገድ ጎን ተቀመጠ። በ2000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሩ ከሦስት ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይሞላል። መጀመሪያ እሱ ይጫናል፣ ቀጥሎ ዋናው ማገናኛ ይሰካል።

አሮጌው ቻርጀር ወጣ። በመጨረሻ 88.2 ቮልት ያወጣል፣ ከሞላ በኋላም 82.8 ላይ ሳያቋርጥ ይይዛል፤ ለሊድ አሲድ ይጠቅማል፣ ፎስፌት ግን ሞልቶ ከቆመ በኋላ እንዲህ መያዝ አያስፈልገውም። «የማደሻ ምት» ያላቸው ደግሞ ጭራሽ አይቀርቡም። አዲሱ ባለ 24 ሴል፣ 5 አምፔር ነው፤ በውስጡ ያለችው ማስተካከያ ብሎን በካቻቢቴ ከ87.6 ወደ 85.2 ወረደች።

አንድ ሌላ ሽቦም ተነቅሏል። ኮንትሮለሩ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን ወደ ጀነሬተር የሚቀይር ሽቦ አለው። ሊድ አሲድ ሞልቶም ቢሆን ይህን ጉልበት ይውጠዋል። ሞልቶ ቁልቁለት የጀመረ ሊቲየም ግን ቢኤምኤሱ የመሙያውን መንገድ ሲዘጋበት፣ ሞተሩ የሚያመነጨው መሄጃ አጥቶ ካፓሲተሩ ላይ ይከመራል። 90 ማለፍ ለሱ የሴኮንድ ክፋይ ነው፤ መጀመሪያ የሚሄደው የ12 ቮልቱ መቀየሪያ ነው። ኮንትሮለሩ በቅንብር የላይ ወሰን የሚሰጠው ዓይነት ቢሆን ሽቦው ይቆይ ነበር፤ ይህኛው አይደለም።

ቀን 33። መንገድ ላይ

በዚያው ዳገት፣ በሙሉ ጋዝ፣ ቮልቱ ከ78.9 ወደ 76.6 ብቻ ወረደ። ከአሮጌው 61 ጋር ማወዳደር ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሴሎቹ 36 ዲግሪ፣ ዋናው ማገናኛ 41።

ጠቋሚው ግን ዋጋ የለውም። የተሠራው የሊድ አሲድን ቮልት ለማንበብ ነው፤ ፎስፌት ደግሞ ከ90 እስከ 20 በመቶ ድረስ ቮልቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ከ30 አምፔር ሰዓት 22ቱ ወጥተው እንኳ መርፌው «ሙሉ» ላይ ነበር።

ቀን 45። ከስድስት ሙሌት በኋላ

በመጀመሪያው ሙሌት ጫፍ ላይ በቡድኖች መካከል 0.11 ቮልት ልዩነት ነበር፤ ቡድን 19 ቀድሞ 3.65 ነክቶ ቻርጁን ያቋርጥ ነበር። መፍትሔው ትዕግሥት ነው፤ ቻርጀሩ ተሰክቶ በየሙሌቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲጨመርለት ቢኤምኤሱ ጥቂት ጥቂቱን እያፈሰሰ አመጣጠነው። አሁን 0.02 ነው።

የካፖኮርዳዎቹ (የገመድ ጫፍ ማያያዣዎቹ) ብሎኖች በቁልፍ ተፈተሹ፤ አንዱ ሩብ ዙር ላልቶ ተገኘ፣ ስፕሪንግ ሮንዴላ ተጨመረበት። ስድስቱ አሮጌ ባትሪዎች ዋልታቸው በኤሌክትሪክ ቴፕ ተሸፍኖ፣ በቁማቸው ሆነው እርሳስ ለሚያቀልጥ መልሶ ተጠቃሚ ተሰጡ። በመርፌው ጠቋሚ ቦታ ላይ የሚገባና የሚወጣውን አምፔር ሰዓት የሚቆጥር መለኪያ ተገጠመ። ሸንቱ (አምፔሩ የሚለካበት ሬዚስተር) ኔጋቲቩ ላይ፣ ከቢኤምኤሱ ቀጥሎ ነው፤ ሲሞላ በራሱ ወደ 30 ይመለሳል፣ 4 ሲቀር ቀይ ያበራል።